ቴፕ የበላው ቦታ

ደብተሩ ባለ ሃምሳ ቅጠል ነው። ከጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ ታትሞበታል፤ ውስጡ ግን ሒሳብ የለበትም። ገጹ ሁሉ በማስመሪያ በተሰመሩ፣ ስድስት ስድስት ሆነው በተደረደሩ መስመሮች ተሞልቷል። መስመሮቹ ላይ ቁጥሮች ተቀምጠዋል፤ ከቁጥሮቹ በላይ «ኤ ማይነር»፣ «ጂ»፣ «ኤፍ» የሚሉ ቃላት በሰማያዊ ቢክ ተጽፈዋል። የተሰረዘው ካልተሰረዘው ይበዛል። አንድ ገጽ መሐል ላይ ትንሽ ቦታ በእርሳስ ብቻ ተሞልቶ፣ ከጎኑ «ቴፕ በልቶታል» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበታል። የቢኩ ጽሑፍ የእኔ ነው። በእርሳስ የገባው የጓደኛዬ ነው።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ተወልደን፣ በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር ያነሣን ልጆች ብዙ አልነበርንም። ግን በየሰፈሩ ነበርን። አንድ ጊታር፣ በጊታሩ ዙሪያ አምስት ስድስት ልጅ። ልባችንን የወሰደው ሙዚቃ አብዛኛው እኛ ሳንወለድ ወይም በእናታችን ጀርባ ሳለን የተቀዳ ነው፤ ሌድ ዜፕሊን፣ ዲፕ ፐርፕል፣ ሮሊንግ ስቶንስ፣ ኢግልስ። የሚደርሰን በካሴት ነበር። አሜሪካ ያለ አጎት የላከው ካሴት ይገለበጣል፤ ግልባጩ ደግሞ ይገለበጣል፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ጊታሩ ከዝናብ ድምፅ ጀርባ የሚጫወት ይመስላል። ያንን ዝናብ እየገፈፍን ኮርዱን እናወጣ ነበር።

«ኮርድ ማውጣት» የምንለው ሥራ ዛሬ ላለ ልጅ ቢነገረው ለምን እንደዚያ እንደደከምን ላይገባው ይችላል። ከእኛ የሚቀድሙት ጊታሪስቶች እጅ አይተው የመማር ዕድል ነበራቸው። አሥመራ በነበረው የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ የሀገራቸው ሙዚቃ ይለቀቅ ነበር፤ አዲስ አበባም በየሆቴሉና በየክለቡ ባንድ ነበረ። የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን የሰማ ሰው ያ ትውልድ የኤሌክትሪክ ጊታርን ምን ያህል አጥርቶ እንደያዘው ያውቃል። ከዚያ ሰዓት እላፊው መጣ፤ ሌሊቱ ተዘጋ፤ ብዙ ሙዚቀኛ ተሰደደ። እኛ ጊታር ለመያዝ ስንደርስ ሰዓት እላፊው ተነሥቶ ነበር፤ ቀርበን የምናየው የሮክ ጊታሪስት እጅ ግን አልነበረም። ያለን ጆሮ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከባሱ ነው። ዘፈኑን ትለቃለህ፣ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ትከተላለህ፣ ታቆማለህ፣ በአፍህ ይዘኸው ጊታሩ ላይ ትፈልገዋለህ። ካገኘኸው በኋላ ኮርዱ ሜጀር ይሁን ማይነር ትለያለህ። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። መልሶ ለማዳመጥ ካሴቱን በቴፑ ካጠነጠንክ ባትሪው ያልቃል፤ ስለዚህ አውጥተህ ቢክ እስክሪፕቶ ጥርሱ ውስጥ ትከትና በእጅህ ታሽከረክረዋለህ። የአንድ ዘፈን አራት ኮርድ ለማውጣት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ ይሄዳል። ባትሪው አልቆ መብራትም ከጠፋ ደግሞ በአፋችን የያዝነውን ዜማ እንዳይጠፋን እያንጎራጎርን እንቀመጣለን።

ብልሃቶችም ነበሩን። ከሁሉ የምወደው የጆሮ ማዳመጫው ነው። መሰኪያውን እስከ መጨረሻ ሳትከት ግማሽ ላይ ብታቆመው ዘፋኙ ይጠፋና በግራና በቀኝ ያሉት ጊታሮች ይቀራሉ። አንድ ቀን በአጋጣሚ ገመዱ ተስቦ ነው ያገኘነው፤ ተአምር ነበር የመሰለን። ምክንያቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። መሰኪያው ግማሽ ላይ ሲቆም የሁለቱ ጆሮ የጋራ ሽቦ ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው በግራውና በቀኙ ቅጂ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። ዘፋኙ ደግሞ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚቀዳ ራሱን በራሱ ያጠፋል። በዚህ መንገድ ስንት የተደበቀ ጊታር አገኘን! ዘፈኑ ውስጥ ሁለት ጊታር እንዳለ እንኳ የማናውቀው ብዙ ነበር።

«ሆቴል ካሊፎርኒያ» ግን በብልሃት አልተረታም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ይህ ዘፈን ስምንት ኮርዶች በተራ እየተመላለሱ የሚሄዱበት ነው፤ እኛ ያወጣነው በሲ ማይነር ጀምሮ ነው። ከስምንቱ ስድስቱ አመልካች ጣት ሁሉንም ክር ተጋድሞ መያዝ ያለበት ባሬ ኮርድ ሆነብን። ጣታችን እየቆሰለ ሁለት ወር ለፋንበት። እኛ የምናውቃቸው ሁሉ የሚጫወቱት እንደዚያ ነበር። ከዓመታት በኋላ ዘፈኑ በቢ ማይነር እንደሆነ ተረዳሁ። ጥፋቱ የጆሮአችን አልነበረም። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር መሮጥ አለበት፤ ቴፑ ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ከፈጠነ ዘፈኑ በሙሉ ግማሽ ድምፅ ሽቅብ ይወጣል። የኛ ቴፕ ፈጣን ነበር። በሰማነው ልክ ትክክል ጽፈናል።

ሁለተኛውን ጉዳይ ሳውቅ ደግሞ ጣቶቼን አየኋቸው። ዘፈኑን ያቀናበረው ዶን ፌልደር መጀመሪያ የሠራው በኢ ማይነር ነበር፤ ለዘፋኙ ለዶን ሄንሊ ድምፅ ስላልተስማማ ወደ ቢ ማይነር ተዛወረ። በቅጂው መግቢያ ላይ ያለው ጊታር ሰባተኛው ፍሬት ላይ ክሮቹን ሁሉ የሚጫን ካፖ ታስሮበት ኮርዶቹ በኢ ማይነር ቅርጽ ይያዛሉ። ካፖ የሚባል ነገር መኖሩን ያኔ አናውቅም። ካወቅን በኋላ እርሳስ ክሮቹ ላይ አጋድመን በላስቲክ እናስረው ጀመር፤ ሠርቷል። ቢሆንም እነዚያ ሁለት ወራት ከንቱ ሄዱ አልልም። ባሬ ኮርድ አጥርቼ መያዝ የቻልኩት በዚያ ፈጣን ቴፕ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ጎረቤታችን የነበሩትን ሰው ማንሣት አለብኝ። ክራር ይመቱ ነበር፤ ለገበያ ሳይሆን ማታ ማታ ለራሳቸው። እኛ «ጋሼ» እንላቸዋለን። አንድ ሰሞን የሮሊንግ ስቶንስን «ሆንኪ ቶንክ ዊመን» ስናወጣ ሰነበትን። ኮርዱ ጂ እንደሆነ አውቀናል፤ ግን የኪት ሪቻርድስን ድምፅ ሊሆንልን አልቻለም። እሱ ሁለት ጣት አንሥቶ ሲያስቀምጥ የሚመስለው እንቅስቃሴ በእኛ ጊታር አራት ጣት ጠይቆም አይመጣም። ጋሼ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ስንት ቀን እንደሰሙን እንጃ፤ አንድ ቀን መጡ።

«ልጄ፣ በምን ቃኝተኸው ነው?»

«ጋሼ፣ ጊታር ቅኝቱ አንድ ነው።»

«ማን ነው ያለህ? ባቲን በትዝታ ቅኝት ብመታው ባቲ ይሆንልኛል? ሰውዬው ቅኝቱን ለውጧል።»

ተቀመጡ፤ ካሴቱን ደጋግመው አዳመጡ። ጊታር ይዘው አያውቁም። ጆሮአቸው የሚፈልገው ግን ግልጽ ነበር፤ ጣት ሳይነካው ባዶውን የሚጮኸው ክር የትኛው ነው? ክራር መቺ ከዚያ ነው የሚጀምረው፤ ለእያንዳንዱ ዘፈን ጅማቶቹን እንደ ገና ይቃኛል። አምስተኛውን ክር አስላሉን፣ ከኤ ወደ ጂ ወረደ። ቀጭኑን ክር አስላሉን፣ ከኢ ወደ ዲ ወረደ። ወፍራሙን «እሱ አይሰማኝም፣ ተወው» አሉ። አንዱ ልጅ አመልካች ጣቱን አምስተኛው ፍሬት ላይ አጋደመና ሁለት ጣት ጨመረበት። ዘፈኑ መጣ። እልልታ ነበር የቀረን።

ኪት ሪቻርድስ በእርግጥ ጊታሩን ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ አድርጎ እንደሚቃኝ፣ ስድስተኛውን ወፍራም ክር ነቅሎ በአምስት ክር እንደሚጫወት ያነበብኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። ያነበብኩ ቀን ጋሼ በሕይወት አልነበሩም። በየመጽሔቱ እንደ ትልቅ ምሥጢር የተጻፈውን ነገር እሳቸው አንድ ከሰዓት በኋላ በጆሮአቸው ደርሰውበት፣ «ወፍራሙን ተወው» ብለውን፣ ለእራት ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

እስከዚያ ድረስ የምንጽፈው የኮርድ ስም ብቻ ነበር። ታብ የሚባለው ጽሑፍ እጃችን የገባው ከአሜሪካ የጊታር መጽሔት ተቀዶ በፖስታ በመጣ አንድ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ላይ የነበረው የዲፕ ፐርፕል «ስሞክ ኦን ዘ ወተር» ነው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1971 ስዊዘርላንድ፣ ሞንትሮ ውስጥ ስለተቃጠለው ካዚኖ የሚተርከው ዘፈን። ጊታር የጀመረ ልጅ ሁሉ መግቢያውን በአንድ ክር ይጫወተዋል፤ እኛም እንደዚያው። ቅጠሉ ላይ ግን ሁለት ዜሮ ተደራርቧል፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስት፣ ቀጥሎ ሁለት አምስት። ሪቺ ብላክሞር ሁለት ክር አንድ ላይ በጣቱ ነጥቆ እንደሚያነሣ የገባን ከዚያ ነው። ለካ ያ ስፋት የመጣው ከዚያ ነው!

ታቡን መጀመሪያ የፈታው ያ በእርሳስ የጻፈው ጓደኛዬ ነው። ከጎጃም መጥቶ አክስቱ ቤት የተቀመጠ፣ በልጅነቱ ዜማ ቤት የቆየ ልጅ ነበር። ስድስቱ መስመር ስድስቱ ክር፣ የላይኛው ቀጭኑ፣ ቁጥሩ ፍሬቱ፤ ይህንን ሁላችንም ቶሎ ያዝነው። ያስቸገረን ርዝመቱ ነው፤ የቱ ድምፅ ረጅም፣ የቱ አጭር እንደሆነ አይናገርም። «ጎዶሎ ጽሑፍ ነው» አልን። እሱ ግን ጎዶሎ አልመሰለውም። «ይሄ እኮ ምልክት ነው» አለ።

ድጓ ላይ ከግእዙ ቃል በላይ በደቃቁ የሚጻፉትን ፊደላት ማለቱ ነው። አንዷ ፊደል ወይም ሁለቱ፣ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ያጠናውን አንድ የዜማ ስልት ታስታውሰዋለች፤ ከነሱ ጋር ድፋቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ፣ ሂደቱ አለ። ዜማውን ከመምህሩ አፍ ያልሰማ ሰው ምልክቱን ቢያይ አንድም ነገር አይወጣለትም። የሰማ ሰው ግን ከመርሳት ይድንበታል። «ዘፈኑን ካልሰማህ ይሄ ቁጥር ምን ያደርግልሃል? ከሰማኸው ደግሞ ርዝመቱን ታውቀዋለህ» አለን።

ይህን ንግግር ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። የዜማ ምልክቱን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ይነገራል። በዚያው ክፍለ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1507፣ ቬኒስ ላይ ፔትሩቺ የተባለው አታሚ የፍራንቼስኮ ስፒናቺኖን የሉት መጽሐፍ በታብ አሳተመ፤ ስድስት መስመር፣ በመስመሩ ላይ ቁጥር። ሁለቱ ሥርዓቶች አንዱ የአንዱን መኖር አያውቅም። የምልክቱ ሊቃውንት ግን አንድ ነገር አምነዋል፤ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው አስቀድሞ ሰምቷል ብለው። እኛም ደብተራችንን የጻፍነው በዚያ እምነት ነው። ለሰማ ሰው።

ስለዚህ ደብተሩ ከልጅ ወደ ልጅ ይዞር ነበር፤ ካሴቱም አብሮት ይዞራል። ለብቻው የሚዋስ ደብተር አልነበረም። ከአራት ኪሎ የሄደ ደብተር ከወር በኋላ ሲመለስ የማናውቀው እጅ ያረመው ይኖራል። እርማቱን ያየን ቀን ሁሉም ሥራ ይቆማል፤ ካሴቱ ይወጣል፣ እንሰማለን፣ እንከራከራለን። አንዳንዴ ያ የማናውቀው ልጅ ትክክል ነው። አንዳንዴ እኛ። ፊቱን አይተነው የማናውቀውን ሰው ጆሮ እንደ ወንድም ጆሮ አወቅነው።

ኢንተርኔት በየሰፈሩ ሲከፈትና በደቂቃ ሒሳብ ስንገባ መጀመሪያ የፈለግሁት ታብ ነው። ያገኘሁት «ኦን ላይን ጊታር አርካይቭ» የሚባለውን ክምችት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ላስ ቬጋስ ባለው የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ላይ የተጀመረ። ስከፍተው ደነገጥሁ። መስመሮቹ በኮምፒዩተር ሰረዝ የተሠሩ ናቸው እንጂ ያው የኛ ደብተር ነው። ከየሀገሩ ያለ ልጅ የሰማውን ጽፏል፤ እርማት ያለው እንዲልክለት ለምኗል። እጅ የሚያዩበት መድረክ በየከተማው ያላቸው ልጆች እንኳ እንደ እኛ ቴፕ እያቆሙ ሲጽፉ ኖረዋል። የሙዚቃ አሳታሚዎች የባለቤትነት መብት ጥያቄ አንሥተውበት ክምችቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ተዘጋ። ዜማውን የፈጠረው ሰው ከድካሙ መብላት አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ግን እነዚያ ገጾች የልጆች ጆሮ ታሪክ ነበሩ፤ ሲዘጉ አዝኛለሁ፣ ዛሬም አዝናለሁ።

እዚያው ገጾች ላይ ነው ስለ ቢትልስ «ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት» መክፈቻ ኮርድ የሚደረገውን ክርክር ያየሁት። ሚያዝያ 1964 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተቀዳ አንድ ምት ነው፤ አንድ ጊዜ ይመታል፣ ይቆያል፣ ዘፈኑ ይጀምራል። ዓለም በሙሉ ምን ኮርድ እንደሆነ መስማማት አቃተው። ጆርጅ ሃሪሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጠየቅ፣ በአሥራ ሁለት ክሩ ጊታር ኤፍ ላይ ጂ ጨምሮ እንደመታው ተናገረ፤ የባሱን ድምፅ ግን ፖልን ጠይቁት አለ። ካናዳ የሚገኘው የዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ ጄሰን ብራውን ድምፁን በሒሳብ በታትኖ፣ ውስጡ የጆርጅ ማርቲን ፒያኖ አለበት የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። በጊታር ብቻ የማይገኘው ለዚህ ነው። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ በደብተራችን ውስጥ ሰባት ጊዜ የተሰረዘው የዚህ ኮርድ መስመር ነው። ሰባቱም ጊዜ አንድ ነገር እንደጎደለ ሰምተን ነበር፤ የጎደለው ሌላ መሣሪያ ይሆናል ብለን አላሰብንም እንጂ።

አሁን ወደዚያ በእርሳስ ወደ ተጻፈው ቦታ ልመለስ።

ገጹ የሌድ ዜፕሊን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ነው፤ 1971 እ.ኤ.አ.። መግቢያውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ኤ ማይነር ላይ ጀምሮ ባሱ አንድ አንድ ፍሬት ቁልቁል ይወርዳል። እኛን ያንበረከከን ወደ መጨረሻው ያለው የጂሚ ፔጅ ሶሎ ነው። ከታች ሦስት ኮርድ ብቻ ይዞራል፤ ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ። ከላይ ያለው ግን ይበርራል። ሶሎው አብዛኛውን የሚቆመው በአምስት ድምፅ ላይ ነው፤ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። እነዚህን አምስት ድምፆች ከሲ ጀምረህ ብትቆጥራቸው ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ይሆናሉ፤ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ጓደኛዬ ይህን ያገኘው እየተጫወተ ነው። ጣቱ ሶሎውን ሲፈልግ ትዝታው ውስጥ ይገባበታል፤ ይመለሳል፤ እንደ ገና ይገባበታል። ፔጅ የሚያርፈው ኤ ላይ፣ የእሱ ጣት ማረፍ የሚፈልገው ሲ ላይ።

ከሶሎው እኩሌታ ያህል ከጻፍን በኋላ ቴፑ ካሴቱን በላው። ክሩን ከውስጥ ስናወጣው ተጨማድዷል፤ የተቆረጠውን በፕላስተር ቀጠልን። ሲለቀቅ ሶሎው ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ይሰምጣል፣ ወዲያው ሌላ ቦታ ላይ ብቅ ይላል። ሌላ ግልባጭ ለማግኘት ስንት ወር እንደሚፈጅ አናውቅም፤ ለትምህርት ቤት በዓል ደግሞ ልንጫወተው ቃል ገብተናል። ጓደኛዬ እርሳስ አነሣና የሰመጠውን ቦታ ሞላው። አላሰበም፤ ያለ ማቆም ጻፈው። ከኤ ተነሥቶ በዲ በኩል አልፎ ሲ ላይ አሳረፈው። ስንጫወተው ከፊቱም ከኋላውም ካለው ጋር ተገጣጠመ። በበዓሉ ቀን ተጫወትነው።

ትክክለኛው ቅጂ በኋላ መጥቷል። እኔ በቢክ ላርመው ደብተሩን ከፍቼ ነበር። ፔጅ እዚያ ቦታ ላይ የሚያደርገው ፍጹም ሌላ ነው። ለምን እንዳላረምኩት ዛሬ በትክክል መናገር አልችልም፤ ገጹን ዘጋሁት።

ጓደኛዬ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባ ሃያ ዓመት አልፎታል። ታክሲ ነድቷል፣ አሁን የራሱ ሥራ አለው፤ ሁለት ልጆች አሉት። ባለፈው ገና ደውሎ ትልቋ ልጁ ጊታር መጀመሯን ነገረኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ «ስማት» አለኝ። ጊታሮቹ እዚያ ማዶ ተቃኙ። ልጅቷ ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ እያለች መታችለት፣ እሱ ሶሎውን ያዘ። ቀስ ብሎ ነው የሚጫወተው፤ ጣቱ እንደ ድሮው አይሮጥም። የትኛው ቦታ ላይ እንደደረሰ በልቤ እየቆጠርኩ ነበር። ከኤ ተነሣ፣ በዲ በኩል አለፈ፣ ሲ ላይ አረፈ።

«አባዬ፣ እሱ ጋ እኮ ተሳሳትክ» አለችው በአማርኛ፤ ትክክለኛውን ቅጂ ታውቀዋለች።

«ቆይ» አላት፣ «እንደ ገና ልምታውና ስሚው።»